ድምፅ የሚዋስ ሰው

በደሳ ከተማ ውስጥ ጠዋት ጠዋት ሆጃ ከሚሸጥበት አንድ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነበር። የቡና ገለባው ከወተት ጋር ፈልቶ ሲቀዳ ሽታው ከመንገዱ አቧራ ይቀድማል። አንድ ልጅ ማስቲካና ሶፍት በካርቶን ይዞ መጣና የሚኒባስ ረዳት ሆነ፦ «ጭሮ! ጭሮ! ሁለት ሰው ብቻ!» ቀጥሎ ፍየል ሆነ፤ ከዚያ የሚያስላቸው ሽማግሌ። ሦስቱን አጋጥሞ ዘፈን አደረጋቸው። በረንዳው በሙሉ ሳቀ።

እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። ልጁ ፍየሏን ከማሰማቱ በፊት ዓይኑን ለአፍታ ጨፈነ። ፍየሏን በልቡ እያዳመጣት ነበር።

አባባ ተስፋዬ ትዝ አሉኝ። ተስፋዬ ሳህሉ የተወለዱት በ1915 ዓ.ም. ባሌ ውስጥ ነው፤ ከዚህ ከምዕራብ ሐረርጌ ወደ ደቡብ ወርዶ ዋቢ ሸበሌን ለተሻገረ ጎረቤት አገር። ተዋናይ፣ ዘፋኝ፣ አስቂኝ፣ ምትሃተኛ፣ ተረት ነጋሪ ነበሩ። መድረክ ላይ የምትወጣ ሴት በጠፋበት ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ ይጫወቱ ነበር። ይህ ቀላል ሥራ አይደለም። ሴቶች ነጠላቸውን እንዴት እንደሚያጣፉ፣ ሲስቁ እጃቸው ወዴት እንደሚሄድ ልብ ያላለ ወንድ ቀሚስ ስለለበሰ ብቻ ሴት አይሆንም። ተመልካች ወዲያው ያውቅበታል።

ኮሪያ የዘመተውን የቃኘው ሻለቃ ጦር ሊያዝናኑም እዚያ ድረስ ተጉዘዋል። ከአገሩ ርቆ በብርድ ለሚዋጋ ወታደር የሚያስቅ ዘፈን ምን እንደሆነ አስባለሁ። ጀግንነቱንማ አዛዡ ይነግረዋል። የመንደሩን ሰው አነጋገር፣ የጎረቤቱን አካሄድ የሚያመጣለት ግን አስቂኙ ነው። ለዚያች አፍታ ቤቱ ይገባል።

ከዚያ በ1957 ዓ.ም. ቴሌቪዥን አገራችን ገባ። አባባ ተስፋዬ ለ42 ዓመታት የልጆች ሆኑ። «ጤና ይስጥልኝ ልጆች! የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች!» ሲሉ እኛ ቤት ብድግ ብለን እንመልስ ነበር። ሣጥኑ ውስጥ ያሉት ሰው እንደማይሰሙን ቢነገረን ኖሮ አናምንም ነበር። አንበሳውም፣ ጦጣዋም፣ አሮጊቷም የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው፤ ሁሉም ከአንድ ጉሮሮ ይወጡ ነበር። ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ያለቀሰው የዚያ ዘመን ልጅ ሁሉ ነው፤ ሽበት ያበቀለውም ጭምር።

ለሚያስቅ ሰው ክብር የምንሰጠው አሳንሰን ነው። ቁም ነገረኛው ሰው የራሱን ሐሳብ ይናገራል፤ አስቂኙ ግን አስቀድሞ ሌላውን መስማት አለበት። ሰውን ሳይወድ ድምፁን የሚዋስ ያላግጣል እንጂ አያስቅም። አባባ ተስፋዬ ከመድረክ እስከ ኮሪያ፣ ከኮሪያ እስከ ቴሌቪዥን የያዙት ሥራ አንድ ነበር፦ ጆሮ ሰጥቶ ሌላ ሰው መሆን።

በረንዳው ላይ ሳለን እውነተኛው ረዳት መጣ። ልጁ ደንግጦ ዝም አለ። ረዳቱ ግን በሩን እንደያዘ፣ «ቀጥል እንጂ!» አለው። ልጁ ጮኸ። መኪናው የተነሳው ረዳቱ «ጭሮ! ጭሮ!»ን በልጁ ዜማ እየጠራ ነበር።