መብትና ችሮታ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በምኖርባት በካቺሲ ከተማ በአንድ ሳምንት ሁለት ጊዜ ተሳሳትሁ፤ ሁለቱ ስሕተቶች ግን ተቃራኒ ነበሩ።

በመጀመሪያው ቀን ከእናቴ ጋር ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድን። የጠየቅነው ሕግ የሚፈቅድላትን የማስረጃ ወረቀት ነበር። ሦስት ጊዜ «ነገ ተመለሱ» ከተባልን በኋላ ሲሰጠን፣ እናቴ እጅ ነሥታ መረቀች፤ እኔም እንደ ትልቅ ውለታ ቆጥሬ አንገቴን ደፍቼ አመሰገንሁ።

በዚያው ሳምንት እሑድ የከተራ በዓል የመዘምራን ሰልፍ ሲደራጅ፣ ፊት የምቆምበት ቦታ በአፋን ኦሮሞ መዝሙር ለሚመራ ታዳጊ ተሰጠ። «ሰባት ዓመት አገልግያለሁ፤ መብቴ ነው» ብዬ ተቆጣሁ። አንድ አረጋዊ ካህን ወደ ጎን ወስደው፣ «ልጄ፣ እግዚአብሔር ስንት ተበድሮሃል?» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

መብት ማለት ሌላው ሊሰጠን የሚገደድበት፣ ሲከለከልም በሕግ የምንጠይቀው ነው። ችሮታ ግን በሰጪው ፈቃድ የሚቆም ነው። ልዩነቱን የቤተ ክርስቲያናችን ታሪክ ያሳያል። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 126 ቤተ ክርስቲያናችን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን እንድትሆንና በመንግሥት እንድትደገፍ ደንግጎ ነበር። ይህ ለሌሎች ያልተሰጠ ልዩ ጥቅም ነበር። በ1967 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲለወጥ ጥቅሙ ቀረ፤ የገጠር መሬት አዋጅም መሬቷን ወሰደ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 የደነገገው የሃይማኖት ነፃነት ግን ከዚህ ይለያል። የእኛ ብቻ አይደለም፤ የሙስሊሙም የፕሮቴስታንቱም ጎረቤታችን ነው። ስለዚህ ለራሳችን በጠየቅነው መጠን ለእርሱም ልንቆምለት ይገባል።

ቅዱስ ጳውሎስ ሁለቱን ለይቶ ያውቅ ነበር። ሊገርፉት ባሰሩት ጊዜ ሮማዊ ዜግነቱን ጠቀሰ፤ የሻለቃው ዜግነት በብዙ ገንዘብ የተገዛ ሲሆን የእርሱ ግን በልደት ያገኘው ነበር (ሐዋ. 22)። ይኸው ሐዋርያ ከወንጌል አገልግሎት የመኖር መብት እንዳለው አስረድቶ፣ ለወንጌል መሰናክል እንዳይሆን ብሎ ተወው (1ኛ ቆሮ. 9)። መብቱን ማወቁ ትሕትናውን አላጠፋውም፤ መተዉም ፍርሃት አልነበረም። የማያውቀውን መብት የተወ ሰው ምንም አልተወምና።

እኔ ግን ገልብጬው ኖሬአለሁ። በመሥሪያ ቤት መብቴን እንደ ምጽዋት ተቀበልሁ፤ በቤተ መቅደስ ምጽዋቱን እንደ ደመወዝ ጠየቅሁ። ጥምቀታችን፣ ቅዱስ ቁርባን፣ በመዝሙር መቆም ሁሉ ጸጋ ነው። ጌታችንም የታዘዝነውን ሁሉ ባደረግን ጊዜ እንኳ ራሳችንን የማንጠቅም ባሮች እንድንል አስተምሮናል (ሉቃ. 17)።

በከተራ ዕለት ከኋላ ረድፍ ቆሜ ዘመርሁ። ታዳጊው መዝሙሩን ሲያነሣ፣ አማርኛ የማይሰሙ እናቶች አብረውት እልል ሲሉ ሰማሁ፤ ለካ እኔ ፊት በቆምሁባቸው ዓመታት ዝም ይሉ ነበር። እናቴ ዳግመኛ ወደ መሥሪያ ቤት ስትሄድ ደግሞ አብሬአት እሄዳለሁ፤ ሳንሳደብ፣ ሳንለማመጥም የሚገባትን እንጠይቃለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።