ሰካራም አይደለሁም

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ብዙ አመንትቻለሁ። ያስወሰነኝ ባለፈው ዓመት በአንድ ለቅሶ ቤት የደረሰብኝ ነገር ነው። ቡናዬን ይዤ ስነሣ ግራ እግሬ ከዳኝና ከነሲኒዬ ወደቅሁ። ደግፈው ያነሡኝ አንድ የማከብራቸው አባት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ መጠጡን ቀነስ ብታደርገው ምናለ?» አሉኝ። እኔ መጠጥ ከተውሁ ዓመታት አልፈዋል።

ሕመሙ የጀመረኝ ታክሲ ስነዳ ነው። መጀመሪያ አንድ ዓይኔ ጭጋግ የለበሰ ያህል ደበዘዘብኝ፤ በሳምንታት ውስጥ ተሻለኝ። ከወራት በኋላ ደግሞ እግሬ ደነዘዘ። እናቴ በስልክ፣ «ዓይን ነው፤ ጠበል ተጠመቅ» አለችኝ። እኔ ድካም ነው ብዬ ተውሁት። በመጨረሻ አንጎሌ በኤም አር አይ ሲታይ ጠባሳ ተገኘበት፤ ሐኪሟም መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚባል በሽታ መሆኑን ነገረችኝ።

የተረዳሁትን ላካፍላችሁ። ነርቭ እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ ነው። ሽቦ በፕላስቲክ እንደሚሸፈን፣ ነርቭም ማይሊን በሚባል ቅባትነት ያለው ልባስ ይሸፈናል። በአንጎል ውስጥ ይህን ልባስ የሚሠሩ ሕዋሳት አሉ። በዚህ በሽታ፣ ከተውሳክ ሊጠብቁን የሚገባቸው ነጭ የደም ሕዋሳት ወደ አንጎልና ወደ ኅብለ ሰረሰር ሰርገው ይገቡና ልባሱንና ሠሪዎቹን ያጠቃሉ። ሽቦው ሲላጥ መልእክቱ ይዘገያል ወይም ይቋረጣል። እግሬ የሚከዳኝ ለዚህ ነው።

ዘበኛው በገዛ ቤቱ ላይ ለምን ይነሣል? ጥርጣሬው በኤፕስታይን-ባር ቫይረስ ላይ ነው። ይህ ቫይረስ በ1964 የታወቀው ከዩጋንዳ ወደ ለንደን በተላከ የዕጢ ናሙና ነው። በምራቅ ይተላለፋል፤ ከ100 አዋቂዎች ከ90 በላይ የሚሆኑት ይዘውታል። አንዴ ከገባ ቢ ሴል በሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ውስጥ ተደብቆ ዕድሜ ልክ ይኖራል። በ2022 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ከ10 ሚሊዮን በላይ የአሜሪካ ወታደሮችን መዝገብ መርምረው፣ ቫይረሱ ከያዛቸው በኋላ በዚህ በሽታ የመያዝ ዕድላቸው 32 እጥፍ እንደጨመረ አሳዩ። በዚያው ዓመት የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ደግሞ የቫይረሱ አንድ ፕሮቲን ክፍል ግሊያልካም ከሚባል የአንጎል ፕሮቲን ጋር እንደሚመሳሰል አገኙ። በአንዳንድ ሕሙማን ቫይረሱን ለመያዝ የተሠራው ፀረ እንግዳ አካል ሁለቱንም ይይዛል። ሌባ ለመያዝ የወጣ ዘበኛ፣ መልኩ ሌባውን ስለመሰለው የቤቱን ልጅ ደበደበ ማለት ነው።

ይሁንና ቫይረሱ ብቻውን አይበቃም። ቫይረሱ ካለባቸው ሰዎች የሚታመሙት ጥቂቶች ናቸው፤ የዘር ውርስ፣ ሲጋራና የቫይታሚን ዲ እጥረት ድርሻ አላቸው። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ስለዚህ ከእኔ ጋር በአንድ ትሪ ለመብላት አትፍሩ። ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለም። ሆኖም በ2017 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ኦክሬሊዙማብ ቢ ሴሎችን እየቀነሰ ግርሻውን ያሳንሳል። እኔም በየስድስት ወሩ በደም ሥሬ እወስደዋለሁ።

ለእኚያ አባት የዚያኑ ዕለት፣ «ጋሼ፣ ሕመም ነው እንጂ መጠጥ አይደለም» አልኋቸው። ዝም ብለው ቆዩና፣ «ታዲያ ለምን ደበቅኸን?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። እውነቱን ለመናገር የፈራሁት፣ ወሬው ከእኔ ቀድሞ እናቴ ዘንድ እንዳይደርስ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል እየሰማሁ ያደግሁ ሰው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ደበቅሁ፤ በእነዚያ ዓመታትም ሳልታከም የተላጠ ነርቭ አለኝ።

ወገኖቼ፣ ዓይናችሁ በድንገት ቢደበዝዝ ወይም እጅ እግራችሁ ደንዝዞ ከአንድ ቀን በላይ ቢቆይ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ጠበሉንም አትተዉ፤ ሐኪሙንም አትተዉ። እኔንም መንገድ ላይ ስንገዳገድ ብታዩኝ፣ ከመፍረዳችሁ በፊት ክንዴን ያዝ አድርጉልኝ።