በአማኑኤል መንገድ ያለፈው ሰንደቅ ዓላማ

ሰንደቅ ዓላማ በተሰቀለበት ስፍራ ሁሉ ሰው ቆሞ ክብር ይሰጣል። ነገር ግን የምናከብረው ጨርቅ ከየት እንደ መጣ፣ በመካከሉ የሚሣለው ምልክት ስለ ምን በየዘመኑ እንደ ተለዋወጠ፣ ሦስቱ ቀለሞች ግን እንዴት እንደ ጸኑ ለልጆቻችን በየቤታችን የምናስረዳ ጥቂቶች ነን። ልጅ የቀለሞቹን ስም በትምህርት ቤት ይማራል፤ ታሪካቸውን ግን ከአባትና ከእናት አፍ ካልሰማ፣ ካደገ በኋላ የሚሰማው ከተከራካሪዎች አፍ ነው። ስለዚህ ዛሬ ለቤተ ሰብ በተመደበው በዚህ ገጽ፣ ነገሩን ሁሉ በአንድ ስፍራ ላይ ቆመን ለክቡራን አንባብያን ልንተርክ ወደድን። ስፍራውም በጎጃም ደጋ የምትገኘው አማኑኤል ናት።

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ወደ ደንበጫና ወደ ቡሬ ለሚጓዝ መንገደኛ አማኑኤል በጐዳናው ላይ ትገኛለች፤ የማቻከል ወረዳም ከተማ ናት። በስተ ቀኝ በኩል፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ4000 ሜትር ከፍ የሚለውና ለብዙ ወንዞች ምንጭ የሆነው የጮቄ ተራራ በደመና ተሸፍኖ ይታያል። በግራና በቀኝ የጤፍ፣ የስንዴና የገብስ እርሻ ተዘርግቷል፤ በየመንደሩም ዙሪያ ባሕር ዛፍ ቆሟል። በመስከረም ወር የተጓዝን እንደ ሆነ፣ ከለምለሙ መስክ በላይ የአደይ አበባ ቢጫ ሆኖ ይታያል፤ መንገዱ በተቈረጠበት ስፍራ ደግሞ ቀዩ አፈር ይገለጣል። የሰንደቅ ዓላማችን ቀለም ከዚህ መስክ ተወሰደ ማለታችን አይደለም። ነገር ግን አገሩን የሚያይ ዓይን ሦስቱን ቀለሞች አንድ ላይ ለማየት ሩቅ መሄድ እንደማያስፈልገው መናገራችን ነው። የከተማይቱም ስም ትርጓሜው «እግዚአብሔር ከእኛ ጋራ» ማለት መሆኑን አንባቢ ሁሉ ያውቃል።

አስቀድመን ስለ ስሙ ጥቂት እንናገር። ሰንደቅ የሚባለው ጨርቁ የሚሰቀልበት ዘንግ ነው፤ ዓላማ ደግሞ ምልክት ማለት ነው። ዓላማ ተኳሽ ዓይኑን የሚጥልበት፣ ሰውም በሐሳቡ የሚደርስበት ግብ ስም ጭምር ስለ ሆነ፣ ቃሉ ከጨርቅ የሚበልጥ ነገርን ይናገራል። ባንዲራ የሚለው ቃል ግን ከውጭ አገር የመጣ ነው፤ ኢጣልያኖች «ባንዴራ» ከሚሉት ጋራ አንድ ነው። በአምስቱ የጠላት ዘመን ለጠላት ያደረውን ሰው የምንጠራበት ባንዳ የሚለውም ቃል የኢጣልያንኛ ነው። የቋንቋ ሊቃውንት እንደሚሉት የሁለቱም ሥር ምልክት ማለት ከነበረው ከጥንት የጀርመን ነገዶች ቃል ነው፤ ባንዳ ማለትም በመጀመሪያ በአንድ ምልክት ሥር ተሰብስቦ የሚዘምት ጭፍራ ማለት ነበረ። እንግዲህ በባንዲራና በባንዳ መካከል ያለው ልዩነት ሰውየው የተከተለው ምልክት የማን ነው የሚለው ብቻ ነው። ይህን ነገር ኋላ በጎጃም መንገድ ላይ በግልጥ እናየዋለን።

የሦስቱ ቀለሞች ታሪክ እንዲህ ነው። ቀድሞ አረንጓዴው፣ ቢጫውና ቀዩ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው እንደ ዘለላ ሆነው፣ አንዱ ከሌላው በላይ በዘንግ ላይ ይውለበለቡ ነበር። በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ ይኸውም ከዐድዋ ድል በኋላ በ1890 ዓ.ም.፣ ሦስቱ ተጋጥመው አራት ማዕዘን ያለው አንድ ሰንደቅ ዓላማ ሆኑ። በዚያን ጊዜ ከተሠሩት አንዳንዶቹ በመካከላቸው የንጉሠ ነገሥቱ ስም መጀመሪያ የሆነው «ም» የሚለው ፊደል ነበረባቸው፤ ቀዩም ከላይ፣ አረንጓዴውም ከታች የሆነበት ጊዜ ነበረ። ኋላ ግን አረንጓዴው ከላይ፣ ቢጫው ከመካከል፣ ቀዩ ከታች ሆኖ ጸና።

ስለ ትርጓሜው፣ አባቶች ሦስቱን ቀለሞች እግዚአብሔር ለኖኅ ከሰጠው የቀስተ ደመና ቃል ኪዳን ጋራ ያያይዟቸዋል። ሌሎችም አረንጓዴው የምድር ልምላሜ፣ ቢጫው ተስፋ፣ ቀዩ ስለ አገር የፈሰሰ ደም ነው ይላሉ። ሁለቱም አተረጓጐሞች አይጣሉም፤ ቃል ኪዳን ያለ ተስፋ፣ ተስፋም ያለ መሥዋዕት አይቆምምና።

በመካከሉ የቆመው ምልክት ግን ሌላ ታሪክ አለው። በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ዘመን ዘውድ የደፋና በመስቀል የተፈጸመ ዘንግ የያዘ አንበሳ በሰንደቅ ዓላማው ላይ ይሣል ነበር። ይህም «ሞአ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚለው የነገሥታቱ መጠሪያ በሥዕል የተገለጠበት ነው። አንበሳው የንጉሣዊው ቤት ምልክት ነበረ፤ ሦስቱ ቀለሞች ግን የሕዝቡ ሁሉ ነበሩ። ሕዝቡም በብዙ ስፍራ ምልክት የሌለበትን ባለ ሦስት ቀለም ጨርቅ ይሰቅል ነበር።

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ በገባ ጊዜ የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ ወርዶ የኢጣልያ ተሰቀለ። በጎጃምም ጠላት በየከተማውና በየመንገዱ ምሽግ ሠራ። ከደንበጫ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚያወርደው መንገድ ላይ ምሽግ ከተሠራባቸው ስፍራዎች አንዷ ይህች አማኑኤል ነበረች። እንደ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ እንደ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ እንደ በላይ ዘለቀ ያሉ የጎጃም አርበኞች ግን በየበረሃውና በየተራራው ሆነው ጠላትን ዕረፍት ነሡት። ከምሽጉ በላይ የሚውለበለበው የባዕድ ጨርቅ ጥላ ከምሽጉ ቅጥር እምብዛም አያልፍም ነበር ብንል ከእውነት አንርቅም።

በ1933 ዓ.ም. የድሉ ጊዜ ሲቀርብ፣ በካርቱም ከተማ በጆርጅ ስቲር መሪነት በአማርኛ የተዘጋጀ ትንሽ ጋዜጣ ታትሞ ወደ ጎጃም ይላክ ጀመር። ስሙም «ባንዲራችን» ነበረ። ከጦሩ አስቀድሞ የገባው የሰንደቅ ዓላማው ስም ነው ማለት ነው።

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን ወሰን ተሻግረው በኦሜድላ የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ በገዛ እጃቸው ሰቀሉ። ከዚያም በበላያ በኩል ወደ ጎጃም ደጋ ጒዞ ሆነ። በኮሎኔል ዊንጌት የሚመራው፣ ጌዴዎን ተብሎ የተሰየመው፣ የሱዳንና የኢትዮጵያ ወታደሮች ያሉበት ሁለት ሺህ የሚያህል ጦር ከአርበኞች ጋራ ሆኖ በቍጥር እጅግ የሚበልጠውን ጠላት ከቡሬ አስለቀቀው። ጠላትም በዚሁ መንገድ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲሸሽ፣ የካቲት 27 ቀን በደንበጫ አጠገብ በቻራቃ ወንዝ ዳር በመንገዱ ላይ ከነበረው ከሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ጦር ጋራ ተጋጥሞ ብርቱ ውጊያ ሆነ። ከዚያ በኋላ ጠላት አማኑኤልንም ለቆ ወደ ደብረ ማርቆስ ከተተ። መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ። ከዚያም ዓባይን ተሻግረው ሚያዝያ 27 ቀን፣ ሰንደቅ ዓላማው ከወረደ ልክ በአምስተኛው ዓመት፣ አዲስ አበባ ገብተው በታላቁ ቤተ መንግሥት መልሰው ሰቀሉት።

እንግዲህ አንባብያን ሆይ፣ በመንገድ ዳር ያለች ይህች ከተማ ስለ ምን እንደ ተመረጠች ተገለጠላችሁ። ከኦሜድላ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የተመለሰው ሰንደቅ ዓላማ፣ ጠላት በሸሸበት በዚሁ በቡሬ፣ በደንበጫ፣ በአማኑኤልና በደብረ ማርቆስ መንገድ አልፏል። ይኸው ዛሬ እህል ጭኖ ወደ ገበያ የሚወርደው ገበሬና በመኪና የሚያልፈው መንገደኛ ሳያስተውለው የሚረግጠው ጐዳና ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ለልጅ ሊሰወር የማይገባው ነገር ደግሞ አለ። በደብረ ማርቆስ ንጉሠ ነገሥቱን የተቀበሉት ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት፣ በዐድዋ የዘመቱት የጎጃሙ ንጉሥ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ነበሩ። በአምስቱ ዓመት ግን ከኢጣልያ ጋራ ቆመው ኖሩ፤ ጠላት ከተማይቱን ሲለቅም ከተማይቱ በእርሳቸው እጅ ቀረች፤ ንጉሠ ነገሥቱም ሲገቡ እጃቸውን ሰጡ። ከአንድ አገር ሰዎች፣ ምናልባትም ከአንድ ቤት ልጆች፣ አንዱ በዱር ሆኖ ሦስቱን ቀለሞች ሲጠብቅ ሌላው ለባዕድ ምልክት አደረ። ሰንደቅ ዓላማ በታላቅ ትውልድ የሚወረስ ነገር እንዳይደለ ከዚህ እንማራለን። የአባት ዐድዋ መዝመት የልጅን ምርጫ አይመርጥለትም፤ እያንዳንዱ ትውልድ ምልክቱን በገዛ ራሱ መምረጥ አለበት።

ከድሉም በኋላ ሦስቱ ቀለሞች ጸኑ፤ በመካከላቸው ያለው ምልክት ግን መንግሥት በተለወጠ ቍጥር ተለወጠ። በ1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ከወረዱ በኋላ ዘውዱ ከአንበሳው ራስ ላይ ተነሣ፤ የዘንጉም መስቀል በጦር ጫፍ ተተካ። በ1980 ዓ.ም. ሕዝባዊት ዲሞክራሲያዊት ሪፑብሊክ ስትታወጅ የሪፑብሊኳ ዓርማ በአንበሳው ስፍራ ገባ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ3ኛው አንቀጽ አረንጓዴው ከላይ፣ ቢጫው ከመካከል፣ ቀዩ ከታች በእኩልነት እንዲሆኑ ደንግጎ፣ በመካከላቸው የሚኖረው ዓርማ ብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች፣ ሃይማኖቶችም በእኩልነትና በአንድነት ለመኖር ያላቸውን ተስፋ የሚያሳይ እንዲሆን አዘዘ። ክልሎችም የየራሳቸው ሰንደቅ ዓላማና ዓርማ ሊኖራቸው እንደሚችል ፈቀደ። በ1988 ዓ.ም. በወጣው አዋጅም በሰማያዊ ክብ መደብ ላይ ቢጫ ኮከብ ተሣለ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ደግሞ ያለ ዓርማው መጠቀምን ከለከለ። ስለዚህ ምልክት ዛሬም በሕዝብ መካከል ክርክር አለ፤ አንዱ የእኩልነት ምልክት ነው ሲል ይወደዋል፣ ሌላው አባቶቹ በያዙት ምልክት በሌለበት ጨርቅ ይጸናል።

እንዲህ ያለ ነገር በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። በአማኑኤል ምሽግ ዘመን የነበረው የኢጣልያ ሰንደቅ ዓላማ ራሱ በመካከሉ የሳቮያ ንጉሣዊ ቤት ጋሻ ነበረበት፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1946 ዓ.ም. ኢጣልያ ሪፑብሊክ በሆነች ጊዜ ጋሻው ወጥቶ ሦስቱ ቀለሞች ብቻ ቀሩ። ከጀርመን ክፍለ አገሮች አንዱ የሆነው ባቫርያም ነጭና ሰማያዊ ሆኖ እንደ ገበጣ ሳይሆን እንደ ሸማ ጥልፍ ተሰብጥሮ የተሣለ ዓርማ አለው። ይህን ዓርማ የዊትልስባኽ መሳፍንት ቤት እንደዚሁ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1242 ዓ.ም. ከቦገን ቆንቶች ወርሶት ነበረ። መሳፍንቱ በ1918 ከሥልጣናቸው ወረዱ፤ ነጩና ሰማያዊው ግን የሕዝቡ ሆኖ ቀረ፤ ሕገ መንግሥታቸውም እስከ ዛሬ ያከብረዋል። የቤት ምልክት ከቤቱ ጋራ ሊወድቅ ይችላል፤ ሕዝብ የተቀበለው ግን ከጌቶቹ ይልቅ ረጅም ዕድሜ አለው።

የእኛ ቀለሞች ደግሞ ከአገር ወጥተው ሌሎችን አገለገሉ። ጋና በእኛ አቈጣጠር የካቲት 27 ቀን 1949 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ቀለም ያለውን ሰንደቅ ዓላማ ሰቀለች፤ በመካከሉም ጥቁር ኮከብ አኖረች። በደንበጫ መንገድ ላይ ውጊያ በሆነበት በዚያው ዕለት፣ ከ16 ዓመት በኋላ፣ እነዚያው ቀለሞች በሌላ የአፍሪካ አገር ተውለበለቡ። ሌሎችም የአፍሪካ አገሮች ተከተሏት።

ከዚህ ሁሉ ለቤተ ሰባችን የምንወስደው ምክር አጭር ነው። በየዓመቱ በጥቅምት ወር በመጀመሪያው ሰኞ የሰንደቅ ዓላማ ቀን ይከበራል። በዚያ ቀን አባትና እናት ልጆቻቸውን ሰብስበው፣ ስለ መካከሉ ምልክት ከሚከራከሩ አስቀድመው ስለ መንገዱ ይንገሯቸው። ከኦሜድላ እስከ አዲስ አበባ ያሉትን ስፍራዎች በካርታ ላይ በጣታቸው ያስከትሏቸው፤ አማኑኤልንም አይዝለሉ። የጸናውንም የከዳውንም አይደብቁ፤ የተሰወረ ታሪክ ልጅን አያጸናምና። አንበሳውን የወደደ ጎረቤት ኮከቡን ከሚወድ ጋራ ሲከራከር ልጁ ሲሰማ፣ ሁለቱም የቆሙት በአንድ አረንጓዴ፣ በአንድ ቢጫ፣ በአንድ ቀይ ላይ መሆኑን ያስተውል።

ምልክትን በአዋጅ መሣልም መፋቅም ይቻላል። በዱር ያደሩት፣ በመንገድ ዳር የወደቁት፣ ጠላት በለቀቀው ጐዳና ቀለሞቹን ይዘው የተመለሱት ሰዎች የሰጡት ክብር ግን በአዋጅ አልመጣም፤ በአዋጅም አይሻርም። ይህን ያወቀ ልጅ በሰንደቅ ዓላማ ፊት ሲቆም የሚያከብረው ማንን እንደ ሆነ ያውቃል።