ስለ ዛሬው የዋንጫ ቪዲዮ

ዛሬ ሁላችሁም ስትቀባበሉት የዋላችሁትን ቪዲዮ አየሁት። ያው፣ የትምህርት ቤቱ የዓመት መዝጊያ፣ ሕፃናቱ ክራር ይዘው የተሰለፉበት። ልጆቹ ያምራሉ፤ በዚያ ክርክር የለኝም። የከነከነኝ መጨረሻው ነው። «ከሁሉም በላይ የተለማመደ» ተብሎ አንዱ ዋንጫ ወሰደ፣ ሁለቱ ሜዳሊያ አጠለቁ፣ የቀሩት ክራራቸውን እንዳቀፉ አጨበጨቡ። (ክራር አቅፎ ማጨብጨብ በራሱ ዋንጫ ያሸልማል።) ከሥር ደግሞ «ልጅ የሚበረታታው እንዲህ ነው» የሚል አስተያየት ሞልቷል። አይመስለኝም። የአንደኛ ደረጃ ልጅ መሣሪያ እንዲወድ ከተፈለገ ልምምዱን በሽልማት መግዛት አይገባም። የሚያውቀው ዜማ ከገዛ ጣቱ ሲወጣ ቶሎ መስማት አለበት፤ እሱን የሚያህል ማባበያ የለም።

ይህን የምለው በስሜት ብቻ አይደለም። በፈረንጆቹ 1973 ሌፐር፣ ግሪንና ኒስቤት የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አሳትመው ነበር። ሥዕል መሳል የሚወዱ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችን ሦስት ቦታ ከፈሏቸው። የመጀመሪያዎቹ «ከሳላችሁ ሪባን ያለው የምስክር ወረቀት ታገኛላችሁ» ተባሉ፤ ሁለተኛዎቹ ሳይነገራቸው በድንገት ተሸለሙ፤ ሦስተኛዎቹ ምንም አላገኙም። በኋላ የመሳያ ቀለም በነፃ ጊዜያቸው ሲቀርብላቸው፣ አስቀድሞ ቃል የተገባላቸው ልጆች ከሌሎቹ ያነሰ ሳሉ። ድንገተኛው ሽልማት አልጎዳም፤ የጎዳው ውሉ ነው። ሥዕል ሌላ፣ ክራር ሌላ ለሚል ደግሞ የተመራማሪው ማክፈርሰን ጥናት አለ። አውስትራሊያ ውስጥ መሣሪያ ሊጀምሩ የተዘጋጁ ልጆች ገና ሳይነኩት ለምን ያህል ጊዜ እንደሚጫወቱ ተጠየቁ። ረጅም ዘመን እጫወታለሁ ያሉት፣ ለጊዜው ብቻ ካሉት ጋር እኩል ተለማምደው እንኳ ርቀው ሄዱ። ታዲያ የዓመት መዝጊያ ዋንጫ ለልጁ ምን ይነግረዋል? ነገሩ ሰኔ ላይ እንደሚያልቅ።

«መሠረቱን ሳይዝ እንዴት ዜማ ይጫወታል?» የሚሉ መምህራን አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ለቫዮሊን ቢሆን ከባድ ጥያቄ ነበር። ክራር ግን ለጀማሪ የተሠራ ይመስላል። አምስቱ ክር በትዝታ ከተቃኘ፣ ልጁ የትኛውን ቢነካ ከቅኝቱ አይወጣም። ግራ እጁ የማይፈለገውን ክር ዳስሶ ዝም ያሰኛል፣ ቀኙ ይመታል። መጀመሪያ ሦስት ድምፅ ያላት ቁራጭ ዜማ፣ ከዚያ አራት፤ ጣቱም በዚያው ይሠለጥናል። መቃኘቱን ለጊዜው መምህሩ ይያዝለት።

መቃኘት ካልኩ አይቀር፣ እባካችሁ ለቱሪስት የተሠራውን ክራር ለልጅ አትግዙ! ያ ዕቃ የግድግዳ ጌጥ ነው። ቆዳው ላይ ሥዕል አለው፣ ዛጎል አለው፣ ቀለም አለው፤ የሌለው መቃኛ ብቻ ነው። ያለውም ቢሆን ቀዳዳው ሰፍቶ እንጨቱ በራሱ ጊዜ ይዞራል፤ አንዱን ክር ወጥረህ ወደ ሁለተኛው ስትሻገር የመጀመሪያው ረግቧል። ልጁ ትክክለኛውን ቦታ ነክቶ የተሳሳተ ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያ «ጆሮ የለውም» ይባላል። ጆሮ የሌለው ገዢው ነው! ስንት ልጅ በእንጨት ጥፋት «ሙዚቃ አይሆንልህም» ተብሎ እንደቀረ እግዜር ይወቀው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ከሽልማቱ ወገን ሌላ፣ የአለንጋው ወገንም አለ፦ «የዜማ ቤት ተማሪ እየተገረፈ ነው ሊቅ የሆነው» የሚለው። እኛ የምናያቸው ግን የጸኑትን ነው፤ ሸሽተው የቀሩትን ማን ቆጠራቸው? ቅዱስ ያሬድ ራሱ በትውፊቱ ከሸሹት አንዱ ነው። አጎቱ ጌዴዎን ትምህርት አልገባው ሲል ገረፈው፣ እሱም ጥሎ ሄደ። የመለሰው አለንጋ ሳይሆን ዛፍ ላይ ሲወጣ ያየው ትል ነው። ትሉንም ቢሆን ግማሹን ነው የምንተርከው። ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው መውጣቱን ለልጆች እንነግራቸዋለን፤ ዛፉ ላይ ፍሬ እንደነበር ግን እንዘለዋለን። የሚበላው ነገር ባይኖር ትሉ ለሰባተኛ ጊዜ ምን አቆመው? ሜዳሊያ?

«መሣሪያው ጥቂት፣ ልጁ ብዙ ነው» የሚለው ግን እውነተኛ ችግር ነው፤ በቅን ልብ ብቻ አይፈታም። ቢሆንም ክራር ያልደረሰው ልጅ ዜማውን ይዘምር። ተራው ሲደርስ ጣቱ የሚፈልገውን ጆሮው አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ሥራው ይቀልለታል። ባዶ ተቀምጦ ጓደኛውን ከሚያይ ይሻላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ቤት ሲገባ የሚያዳምጠው ሰው ያግኝ። «ስንት ደቂቃ ተለማመድክ?» ብሎ የሚቆጥር ሞልቷል፤ «እስቲ አሰማኝ» የሚል ነው የጠፋው።

መዝጊያችሁን ገና ያላደረጋችሁ ትምህርት ቤቶች ካላችሁ፣ ለዋንጫ የመደባችሁትን ብር የክራር ክር ግዙበት። ክር ይበጠሳል፣ መለወጫ ግን የለም።