ድንጋዩም ሰዉም በባቡር

ካርቱም ውስጥ፣ ዓባያችን ከነጭ ዓባይ ከሚቀላቀልበት ከሞግረን ብዙ ሳይርቅ፣ የሱዳን ብሔራዊ ሙዚየም አለ። ከጦርነቱ በፊት ሳየው መጀመሪያ የማረከኝ ግቢው ነበር። መሐሉ ላይ የዓባይን ምሳሌ ቦይ ቆፍረው፣ የቡሄንን፣ የሰምናን፣ የኩማንና የአክሻን ቤተ መቅደሶች ዳር ዳሩን አቁመዋቸዋል።

ሁሉም ከአስዋን ግድብ የተረፉ ናቸው። (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ግብፅና ሱዳን በ1959 የዓባይን ውሃ ሲከፋፈሉ ኢትዮጵያን የጠየቀ አልነበረም። የግድቡ ሐይቅ እስከ ሱዳን ዘልቆ የዋዲ ሃልፋን ከተማ ሊውጥ ሲል ዩኔስኮ በ1960 የድረሱልን ጥሪ አሰማ። ፍሪድሪሽ ሂንክል በተባለ ጀርመናዊ አርክቴክት መሪነት ቤተ መቅደሶቹ ድንጋይ በድንጋይ ፈርሰው፣ እያንዳንዱ ቁጥር ተጽፎበት፣ በባቡር ካርቱም ገቡ። ሙዚየሙ በ1971 ተከፈተ። ዝናብ በማያውቅ በረሃ ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ የኖረ ድንጋይ የካርቱምን ክረምት ስለማይችል፣ መጠለያ ተሠራለት።

ረጅም ሰዓት የቆምኩት ግን ውስጥ፣ ከኑቢያዋ የፋራስ ካቴድራል የመጡት የግድግዳ ሥዕሎች ፊት ነው። በካዚሚየሽ ሚካዎቭስኪ የሚመሩ የፖላንድ አርኪዮሎጂስቶች ከአሸዋ ሥር አውጥተው፣ ከግድግዳው ልጠው ያዳኗቸው ናቸው፤ ገሚሱ ዋርሶ፣ ገሚሱ እዚህ። እሳት መሐል የቆሙትን ሠለስቱ ደቂቅ ለመለየት፣ የታኅሣሥ ገብርኤልን ሲያነግሥ ላደገ ሰው መግለጫ አያሻውም።

የማዳኑን ዘመቻ አላጣጥልም። ነገር ግን ቅርስ ተብሎ የዳነው ተነቅሎ ሊጫን የሚችለው ነበር። የቡሄን ምሽግ የጭቃ ጡብ በመሆኑ ውሃው በላው። ግንባራቸው በሳህን ያጌጠው የኑቢያውያን ቤቶች፣ የተምር ዛፉና መቃብሩም አብረው ሰጠሙ። ሰዎቹማ ተጫኑ፤ ከጃንዋሪ 1964 ጀምሮ 50,000 ያህሉ በባቡር ወደ ኻሽም ኤል ጊርባ ተወሰዱ። ከመሄዳቸው በፊት መቃብር ወርደው ሙታናቸውን እንደተሰናበቱ የያኔው የዋዲ ሃልፋ አስተዳዳሪ ሐሰን ደፋላ ጽፏል። የሰፈሩበት አትባራ ወንዝ ደግሞ የኛው ተከዜ የሚገባበት ነው፤ ከአንዱ ወንዛችን ተነቅለው በሌላው ላይ ተተከሉ ማለት ነው።

በ2023 ጦርነቱ ተነሣ። የሱዳን ሠራዊት በ2025 ካርቱምን መልሶ ሲይዝ ሙዚየሙ ተዘርፎ ተገኘ፤ ወርቁ የለም። የጥንቱ ንጉሥ የታሃርቃ ግዙፍ ሐውልት ግን እዚያው ቆሟል። ለመጫን ከብዷቸው ነው።