በክረምት መውጫ በደብረ ብርሃን ጓሮ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሰንዳፋ፣ በሸኖና በጫጫ በኩል 130 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ምሥራቅ የተጓዘ ሰው ደብረ ብርሃን ሲደርስ አስቀድሞ የሚቀበለው ብርዱ ነው። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ሜዳ ላይ ስለ ተቀመጠች ነፋስ እንደ ልቡ ይመላለስባታል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሰማይ ላይ በታየ ብርሃን ምክንያት ስሟን እንዳወጡላት፣ ቤተ ክርስቲያንም አሠርተው ብዙ ዘመን እንደ ተቀመጡባት ታሪክ ይነግረናል። በኋላ ዘመን ደግሞ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ቆሞባታል፤ ቦታውን የመረጠው ሰው ገዢ ፍለጋ ሩቅ እንደማይሄድ ዐውቆ ኖሯል ያሰኛል።

ዛሬ ግን የምናወጋው ስለ ታሪኳ ሳይሆን ስለ ጓሮዋ ነው። የፍልሰታ ጾም በነሐሴ 16 ቀን ከተፈታ በኋላ በከተማይቱ ዳር ባሉት ሰፈሮች የተዘዋወረ ሰው፣ ከቤት ጀርባ ባለች ጥቂት መሬት ላይ ዶማ ይዘው ቆመው የሚያስቡ ሰዎችን ያያል። አንዳንዱ አዲስ ጎጆ የወጣ ነው፤ አንዳንዱ በጡረታ ከሥራው የተሰናበተ ነው፤ አንዳንዲቱም የጾሙን ወጥ ከገበያ በሚገዛ ጎመን ማዘጋጀት የሰለቻት የቤት እመቤት ናት። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፤ ክረምቱ ሊወጣ ነው፣ ምን ልዝራ?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መሬቱ ርሷል፣ ፀሐይ ብቅ ማለት ጀምራለች፣ ዐደይ አበባም ሊፈነዳ ነው፤ ስለዚህ ጀማሪ የሆነ ሰው የወደደውን ሁሉ ቢዘራ የሚበቅልለት ይመስለዋል። ከውጭ አገር በመጣ የዘር ከረጢት ጀርባ ላይ የተጻፈውን ያነበበ እንደ ሆነ ደግሞ ይበልጥ ይሳሳታል። ያ ጽሑፍ የተጻፈው የክረምት መውጫ ማለት የሙቀት መግቢያ ለሆነለት ለአውሮፓ ሰው ነው። በዚያ አገር የካቲትና መጋቢት ሲደርስ ብርዱ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ዘሪውም ከውርጭ እየራቀ ይሄዳል። በደብረ ብርሃን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። እዚህ ዝናቡ ሲያበቃ ውርጩ ገና መምጣቱ ነው። በነሐሴ መጨረሻ ዘር የሚበትን ሰው ፊቱን ወደ ጥቅምት፣ ወደ ኅዳርና ወደ ታኅሣሥ ብርድ አዙሮ ይዘራል።

የውርጩም አመጣጥ ምክንያት አለው። በክረምት ደመናው ሌሊቱን እንደ ጋቢ ሆኖ ምድሪቱን ይሸፍናታል። ደመናው ሲገለጥ ምድር ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ወደ ጠራው ሰማይ ትለቀዋለች፤ ነፋስ ጸጥ ካለበት ሌሊት በኋላም ንጋት ላይ ሣሩ ነጭ ሆኖ ይታያል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለ ሆነ እንደ ውሃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል። ስለዚህ በበሬሳ ወንዝ ዳርና በጎድጓዳ ስፍራ ያለ ጓሮ አስቀድሞ ይመታል፤ ከድንጋይ ካብ ወይም ከቤት ግድግዳ ሥር ያለ መደብ ግን ድንጋዩ ቀን ያጠራቀመውን ሙቀት ሌሊት ስለሚያካፍለው ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ቀን አንድ ዓይነት ዘር ዘርተው የአንዱ ጠቁሮ የሌላው ለምልሞ የሚታየው ስለዚህ ነው እንጂ በሰው ዓይን አይደለም።

ታዲያ ምርጫው ከምን ይጀመር? እኔ ከድስቱ ይጀመር እላለሁ። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ቀን ይገባል፤ እስከ ልደት በዓልም ድረስ ማዕዱ በአትክልትና በጥራጥሬ የሚቆም ነው። ከነሐሴ 16 ጀምሮ እስከ ጾሙ መግቢያ፣ ጳጉሜን 5 ቀን በሆነችበት ዓመት፣ 94 ቀን አለ። ከመስከረም 1 ቢቈጠር 74 ቀን፣ ከመስቀል በዓል ቢቈጠር ደግሞ 58 ቀን ብቻ ይቀራል። ሰላጣ ከ45 እስከ 60 ቀን ይፈጃል፤ ቆስጣ ሁለት ወር ያህል፣ ቀይ ሥር ከሁለት እስከ ሦስት ወር፣ ካሮት ሦስት ወርና ከዚያም በላይ ይጠይቃል። ይህ ቍጥር በደጋ ብርድ ጥቂት እንደሚረዝም መታወቅ አለበት። እንግዲህ ለጾሙ ካሮት የሚፈልግ ሰው በዓለ መስቀልን ልጠብቅ ቢል ጊዜው አልፎታል፤ ለሰላጣ ግን ገና ፋታ አለው።

ከሁሉ በፊት መደብ ሊሰጠው የሚገባው የሐበሻ ጎመን ነው። ጎመን ለጀማሪ የሚታገሥ አትክልት ነው። ዘሩ በቶሎ ይበቅላል፤ ችግኙ ተነቅሎ ሲተከል አይኰራም፤ ሁለት ወር ሳይሞላው የታችኛው ቅጠል ይቀነጠሳል፣ ላዩም እንደ ገና ያቈጠቍጣል። ቀላል ውርጭ ቢነካው እንኳ አይሞትም፤ እንዲያውም ብርድ ያየ ቅጠል በውስጡ ያለው ስኳር ስለሚጨምር ጣዕሙ የለሰለሰ ይሆናል። የደጋ ጎመን ይጣፍጣል የሚሉ ሰዎች ስለ አገራቸው መመካታቸው ብቻ አይደለም። በመጨረሻም ሁለት ወይም ሦስት እግር ሳይቀነጠስ ቢተው አብቦ ዘሩን ይሰጣል፤ ከዚያ ዘር ለሚመጣው ዓመት የሚሆነው ይቀመጣል፣ የተረፈው ተወቅጦ ምጣድ ያሰሳል።

ጥቅል ጎመንም ብርድ ይችላል፤ ነገር ግን ከችግኝነት በኋላ ሦስት ወር ያህል ቦታ ይዞ ይቆይና አንድ ጊዜ ተቈርጦ ያልቃል። ስለዚህ ጠባብ መሬት ያለው ሰው ጥቂት ችግኝ ብቻ ገዝቶ ቢተክል ይበቃዋል። ቆስጣና ቀይ ሥር የታመኑ ናቸው። ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ብርድ የማይፈራ ቢሆንም አራትና አምስት ወር ስለሚቆይ ለዚህ ጾም አይደርስም፤ ፍንካቹ በመስከረም የተተከለ እንደ ሆነ ለዐቢይ ጾም ሰሞን ይታሰባል።

ድንች ሰውን ያጓጓል፤ ተክሎ ብዙ ማፈስን የማይወድ ማን አለ? ዳሩ ግን በነሐሴ መጨረሻ የተተከለ ድንች ከሦስት እስከ አራት ወር ስለሚፈልግ ሥሩ በሚወፍርበት ጊዜ ውርጩ ይደርስበታል። ቅጠሉ በአንድ ሌሊት ጠቁሮ ከረገፈ በኋላ ሥሩን የሚያሳድገው የለም። ውሃ ያለው ሰው ብርዱ ካለፈ በኋላ ቢተክለው ይሻለዋል። ፎሶሊያም እንዲሁ ውርጭ አይችልም።

ስለ ቲማቲምና ስለ ቃሪያ የሚጠይቅ ሰው ወደ ገበያው ወርዶ ቅርጫቶቹን ይመልከት። ከደብረ ብርሃን ወደ ሰሜን የሚወስደው መንገድ በጣርማ በር ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ያሽቈለቍልና መቶ ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ሸዋ ሮቢት ይደርሳል። ያ አገር ከባሕር ወለል በላይ 1300 ሜትር ያህል ብቻ ከፍታ ያለው ቆላ ነው፤ በደብረ ብርሃን ካፖርት የደረበ መንገደኛ እዚያ ሲደርስ ሸሚዙን ይፈታል። ቲማቲምና ሽንኩርት በመስኖ የሚያፈራው እርሱ ነው። ከገደሉ በታች ፀሐይ በነፃ የምታበስለውን ፍሬ ከገደሉ በላይ በላብ ለማብሰል መታገል ለጀማሪ አይመከርም። ደጋው ጎመኑን፣ ቆላው ቲማቲሙን ይዞ በአንድ ገበያ መገናኘቱ ከጥንት የነበረ ሥርዐት ነው።

መሬቱን በሚመለከት ዋናው ችግር ውሃ የሚይዘው ጥቁር ዋልካ ነው። የነሐሴ ዝናብ ገና አላበቃምና ዘሩ በዝቅተኛ መሬት ላይ ቢበተን ሥሩ ይበሰብሳል። መደቡን ስንዝር ያህል ከፍ አድርጎ በዙሪያው ቦይ ማውጣት ያስፈልጋል። ካሮት በተለይ ጭቃ የሚጸየፍ ነው፤ ጠንካራ አፈር ሲያጋጥመው እንደ ሹካ ይከፈላል፣ ያልበሰበሰ ፍግ ከነካውም እንዲሁ ይሆናል።

በፍግም ረገድ ደብረ ብርሃን የራሷ ክርክር አላት። እበቱ በኩበት መልክ ተጋግሮ፣ ደርቆና ተከምሮ ለማገዶ ይውላል፤ ለገበያም ይቀርባል። እንጨት በሚወደድበት በዚህ ብርድ አገር እበትህን ከምድጃ ቀንሰህ ለመደብ ስጥ ብሎ መምከር ለተናጋሪው ይቀላል። እኔ ይህን ለመምከር አልደፍርም። የበግ በጠጥ፣ የከብት ገለባ ትራፊና የወጥ ቤት ጥራጊ በአንድ ጉድጓድ ተጠራቅሞ ከበሰበሰ ግን ለሁለትና ለሦስት መደብ የሚበቃ ይገኛል፤ ኩበቱም ለምድጃው ይቀራል።

በገበያ ቀን ችግኝ የሚሸጡ አንዲት አሮጊት አንድ ወጣት ባል ሃምሳ የጎመን ችግኝ ሲጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ውሃው ከየት ነው?» አሉት። ወጣቱ ወደ ሰማይ አመለከተ። «እርሱማ ለመስቀል ይሄዳል» አሉትና ሃያ ቈጥረው ሰጡት። ገንዘብ ለማግኘት የተቀመጠች ነጋዴ እንዲህ ስታደርግ ማየት ደስ ያሰኛል። ከመስከረም በኋላ ዝናቡ ሲቋረጥ እያንዳንዱ እግር ጎመን በባልዲ ይጠጣል፤ ባልዲውን የሚሸከም ትከሻ ደግሞ ከሃያ እግር በላይ ሲሆን ይሰለቻል። የደረቀ አፈር ሙቀት ስለማይዝ የተጠማ ጓሮ ውርጭም ይበረታበታል፤ በደረቁ ወራት ቅጠሉን የሚወርረው ክሽክሽም የሚበረታው በደከመው ተክል ላይ ነው።

እንግዲህ ለመጀመሪያው ዓመት ሃያ እግር የሐበሻ ጎመን፣ አንድ መደብ ቀይ ሥር፣ ግማሽ መደብ ቆስጣ፣ ከግድግዳው ሥር ደግሞ በየሁለት ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት የሚዘራ ሰላጣ ይበቃል። በጥቅምት መጨረሻ ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ጸጥ ባለበት ምሽት ሰላጣው በገለባ ወይም በአሮጌ ጆንያ ይሸፈን፤ ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ይገለጥ። ጎመኑን መሸፈን አያስፈልግም። ቅጠሉን ለመቀንጠስ ግን ውርጩ እስኪቀልጥ ድረስ፣ እስከ ሦስት ሰዓት ያህል፣ መታገሥ ይገባል፤ ገና በረዶ እንደ ሆነ በእጅ የተነካ ቅጠል ይሰበራልና።