ልጄ ሽጉጥ ሊገዛ ሲያማክረኝ

ባለፈው ጥቅምት የመጨረሻው ልጄ ከደባርቅ ዳባት ድረስ መጣ። የመጣበትን ቶሎ አልተናገረም። ሁለተኛው ቡና እስኪቀዳ ጠብቆ «እማዬ፣ አንድ ነገር ላማክርሽ» አለኝ። ሁለተኛ ልጅ ሊወለድለት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ጀበናውን አስቀመጥኩ። ሽጉጥ ሊገዛ ነው።

ሁለት ሰንጋ ሸጧል፤ የድንች ገንዘብም አለችው። የሚፈልገው እነ ጓደኞቹ የሚያደንቁትን የድሮውን ዓይነት ነው፤ ብረቱ ጥቁር፣ እጀታው እንጨት የሆነ፣ ጥይቱን ራሱ እያጎረሰ ምላጩ በተሳበ ቁጥር አንድ አንድ የሚተኩስ። በእጁ ያለው ገንዘብ ለምርጡ አይበቃም፤ ለመናኛውም አያንስም። እናም የትኛው ይሻላል ብሎ ጠየቀኝ። እኔን የጠየቀበት ምክንያት አለው። ነፍሱን ይማረውና አባቱ ፖሊስ ነበር፤ ሽጉጡን ፈታቶ የሚያጸዳው እዚሁ ሳሎን ላይ ጨርቅ አንጥፎ ነበር፤ ዘይቱን የማቀብለው እኔ ነኝ። በሌላ በኩል ደግሞ ከሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት ሠርቻለሁ። ሻጭ የሚያሳይህ የሽጉጡን አንዱን ጫፍ ነው፤ እኔ የማውቀው ሌላውን ነው።

አልተቆጣሁትም። አንዳንድ አንባቢ «እናት ሆና እንዴት አትከለክልም?» ይለኝ ይሆናል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጭና ላይ የሆነውን ያየ ሰው፣ ከዚያም ወዲህ ያለውን ጊዜ የሚኖር አባወራ፣ ለምን መሣሪያ አሰብክ ተብሎ አይጠየቅም። ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ሚስትና የአራት ዓመት ሴት ልጅ አለችው። ብከለክለው ሳይነግረኝ ይገዛል። የነገረኝ ይሻላል ብዬ ዝም አልኩና አሰብኩ።

እኛ አገር መሣሪያ እንግዳ አይደለም። ያደግሁት ከሳንቃ በር በታች ባለ መንደር ነው። የአባቴ ምንሽር ምሰሶው ላይ ተሰቅሎ ነው የማውቀው። በልጅግ፣ ዲሞፍተር፣ ውጅግራ የሚሉትን ስሞች ፊደል ሳልቆጥር ነው የሰማኋቸው። ውጅግራ እንኳ እንደ ፈረንጆቹ በ1874 የወጣው የፈረንሳዮቹ «ፉዚ ግራ» ነው፤ አፋችን ለውጦ ያገራችን ስም አደረገው። ዛሬም ሰሜን ተራሮችን ሊጎበኝ የሚመጣ እንግዳ ጠመንጃ ያነገተ ስካውት ይዞ ነው የሚወጣው። በሠርግም በለቅሶም ይተኮሳል፤ ወደ ሰማይ የሄደችው ጥይት ተመልሳ የሰው ትከሻ ላይ ስታርፍ ማሸግ የኔ ሥራ ነበር።

ነገር ግን የአባቴ ምንሽር ረጅም ነበር፤ ከባድ ነበር፤ ተሰቅሎ የሚውለውም ከማናችንም እጅ በላይ ነው። ከምሰሶው ሲወርድ ቤተሰቡ ሁሉ ያያል። ሽጉጥ እንዲህ አይደለም። ከትራስ ሥር ይገባል፤ ጋቢ ውስጥ ተጠቅልሎ ይረሳል። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ደግሞ ልጅ ሊያነሣው የሚችል መሆኑ ነው። አራት ዓመት የሞላት ልጅ በአንድ ጣት ምላጩን መሳብ ቢያቅታት፣ ሽጉጡን ወደ ራሷ አዙራ በሁለት አውራ ጣቷ ትገፋዋለች። ሕፃናት እንደዚያ ነው የሚይዙት።

አንድ ነገር ልናገር፤ ይህን ለልጄም ያን ቀን ነው የነገርኩት፤ ቀድሞ አያውቀውም።

በ1985 ዓ.ም. ክረምት በምሠራበት ጤና ጣቢያ አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ በቃሬዛ አመጡ። ያኔ ጦሩ ከተበተነ ገና ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው፤ መሣሪያ በየቤቱ ነበር። ቁስሏ ከእምብርቷ በስተግራ ነው፤ ከትንሿ ጣት ጥፍር አይበልጥም። ቡና ነስንሰውበታል። በጀርባዋ መውጫ ፈለግሁ፤ የለም። ሆዷ እጄ ሥር እየጠነከረ ሲሄድ ይታወቀኛል። ግሉኮስ ሰቀልኩላት፤ እንደዚያ ያለ ነገር ግን ቀዶ ሕክምና ነው የሚፈልገው፤ ያ ደግሞ ጎንደር ነው ያለው። መንገዱ ያኔ ጠጠር ነበር። መኪና እስኪገኝ ሦስት ሰዓት ሄደ። አብሬያት ተሳፈርኩ፤ አምባ ጊዮርጊስ ሳንደርስ አረፈች።

የተኮሰው የዘጠኝ ዓመት ወንድሟ ነው። ሽጉጡ ቶካሬቭ ነበር። አባትየው ጥንቁቅ ሰው ነው፤ ካዝናውን አውጥቶ መደርደሪያ ላይ፣ ሽጉጡን ፍራሽ ሥር ነው ያስቀመጠው። መንገዱን ሙሉ የሚለው አንድ ነገር ነበር፤ «ካዝናው እኮ ወጥቷል፣ ካዝናው እኮ ወጥቷል።» ያልገባው፣ ቀድሞ ያቀባበለው አንድ ጥይት በርሜሉ ውስጥ እንደቀረ ነው። ካዝና ሲወጣ እሱ አብሮ አይወጣም።

ልጁ ዛሬ አርባውን አልፏል። ገበያ ላይ ስንገናኝ ጉንጬን ይስመኛል። ስለዚያ ቀን ተነጋግረን አናውቅም።

ባለቤቴን ያኔ ማታ ጠየቅሁት። እሱ ነው ያስረዳኝ። ካዝናው ከወጣ የማይተኩስ ሽጉጥ አለ፤ የቤልጅጎቹ ብራውኒንግ፣ ያ 13 ጥይት የሚይዘው፣ ሲሠራ ጀምሮ እንዲያ ተደርጎ ነው የተሠራው። ያን የያዘ ሰው «ካዝና ከወጣ አይተኩስም» ብሎ ለጎረቤቱ ይናገራል፤ ጎረቤቱ ደግሞ ቶካሬቭ ነው የያዘው። እውነት የነበረው ነገር ከአንዱ ሽጉጥ ወደ ሌላው ሲሄድ ሰው ገደለ። የብራውኒንጉም ቢሆን አሮጌ ከሆነና ሰው ፈታቶት ከሆነ ያ ክፍሉ ወጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ እሱንም አትመኑት።

እንግዲህ ልጄ ለጠየቀኝ መልሴ ከዚህ ተነሣ። ቶካሬቭ ርካሽ ነው ይሉታል፤ ቀጭንና ቀላልም ነው፤ ሩሲያውያን መጀመሪያ ሲሠሩት ግን ሰው ሴፍቲ የሚለውን በአውራ ጣት የሚዞር መቆለፊያ አላደረጉለትም። መዶሻውን ግማሽ መንገድ ላይ ማቆም ብቻ ነው ያለው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሽጉጥ ለሚይዝ ሰው፣ ያውም ልጅ ላለበት ቤት፣ ይቅርብህ አልኩት። ማካሮቭ ይሻላል። ከ1951 ጀምሮ፣ እንደ ፈረንጆቹ ነው፣ የሶቪየት ጦር የታጠቀው ነው፤ 8 ጥይት ይይዛል፤ በግራ ጎኑ ያለው ሴፍቲ ወደ ላይ ሲገፋ ይቆልፋል፤ ቆሞ የነበረውንም መዶሻ ያወርደዋል። መዶሻው ካልቆመ የመጀመሪያው የምላጭ ስበት ከባድ ነው። ይህ ለልጅ እጅ ዋስትና ባይሆንም ለአዋቂ መደናገጥ ይጠቅማል። አባቱ የያዘው እሱን ነበር፤ ስለዚህ አድሎ ሊኖርብኝ ይችላል።

ልጄ ልቡ ያለው ግን ቤሬታ ላይ ነው። አንድ ሰው አሳይቶታል፤ በወረራው ዘመን ከጣሊያን ጦር ጋር የገባው የ1934ቱ ሞዴል። ቆንጆ ነው፤ አልዋሽም። ከዓመቱ አጠገብ በሮማውያን ቁጥር የፋሺስቶቹ የዘመን አቆጣጠር ተቀርጾበታል፤ ቅርስ ነው። ለቤት መጠበቂያ ግን አይሆንህም አልኩት። የሞላው ጉልበት በሰማንያ ዓመት ይደክማል። ሴፍቲው ምላጩን ብቻ ነው የሚይዘው፤ መዶሻውን አይይዝም። ጥይት ሲያልቅ የላዩን ብረት ከፍቶ የሚይዘው ባዶው ካዝና ነው፤ ካዝናውን ስታወጣ ይዘጋል፤ ውስጡን ልታይ ስትፈልግ እንደገና በእጅህ መጎተት አለብህ። አሜሪካኖች ከ1911 ጀምሮ ሰባ ዓመት ያህል የታጠቁት ኮልትም አለ፤ እጀታው በደንብ ካልተጨበጠ አይተኩስም፤ ይህ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ከአንድ ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ጥይቱም ከሌሎቹ የተለየ ነው።

ስለ ጥይት ካነሣሁ «ዘጠኝ ሚሊ ነው» ሲሉህ የትኛው ዘጠኝ ብለህ ጠይቅ። የቤሬታው ቀለህ ርዝመቱ 17 ሚሊ ሜትር፣ የማካሮቩ 18፣ የብራውኒንጉ 19 ነው። የማካሮቩ እርሳስ ወፈርም ይላል። አንዱ የሌላውን አይጎርስም፤ በግድ ቢጎርስም የሚጎዳው ተኳሹን ነው። የተሳሳተ ጥይት ተጠቅሞ የፈነዳበትን ሰው አውራ ጣት የሰፋሁት እኔ ነኝ። ርካሽ ሽጉጥ ገዝቶ ጥይቱን ማጣት ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ሁለት ሰንጋ ሸጦ ብረት መሸከም ነው።

የሕጉን ነገር አጭር አደረግሁለት። በ2012 ዓ.ም. የወጣ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ አለ፤ ቁጥሩ 1177 ነው። ፈቃድ የሚሰጠው 21 ዓመት ለሞላው ነው፤ ያለ ፈቃድ መያዝ ያስቀጣል። አባትህ ፖሊስ ነበር፤ የአባትህን ስም የያዘ ሰው ከጨለማ ሻጭ አይገዛም አልኩት። የተሰረቀ ይሁን፣ ሰው የተገደለበት ይሁን አታውቅም። መጀመሪያ ወደ ፖሊስ ሄደህ ጠይቅ፤ አይሆንም ካሉህ ሰንጋዎቹን መልሰህ ግዛ። በዚህ ፊቱ ጠቆረ፤ አየሁት፤ ግን አልመለስኩም።

ከዚያ «ሚስትህ ታውቃለች?» አልኩት።

ዝም አለ።

ይኸኔ ነው ቆጣ ያልኩት። ቀን እሱ ገበያ ነው፤ ከሽጉጡ ጋር ቤት የምትውለው እሷ ናት። ሽጉጥ ባለበት ቤት ያሉት አዋቂዎች ሁለቱም እንዴት ባዶ እንደሚደረግ ማወቅ አለባቸው። ካዝናውን ቀድሞ ማውጣት ነው። ከዚያ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት መሬት አድርጎ የላዩን ብረት ወደ ኋላ መጎተት፤ ያለ ጥይት ይወድቃል። ከዚያ በዓይን ማየት፤ ጨለማ ከሆነ ትንሿን ጣት አስገብቶ መዳሰስ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ፣ ማለት ካዝናው ሳይወጣ ብረቱ ከተጎተተ፣ አዲስ ጥይት ይጎርሳል። ባለቤቴ ይህን እኔን ያስተማረኝ በእንጨት አሻንጉሊት ነው፤ ስሳሳት ይስቅብኝ ነበር።

እግረ መንገዴን፣ ሰው ከተመታ ቡና አትነስንሱ፤ አፈርም። ንጹሕ ጨርቅ ቁስሉ ላይ አድርጎ በሁለት እጅ አጥብቆ መጫን ነው፤ ደም አቆመ ብሎ እየገለጡ ማየት አይገባም። ጨርቁ ከራሰ ሌላ ከላዩ መጨመር ነው። ሆዱን የተመታ ሰው «ደህና ነኝ» ቢል እንኳ አትመኑት፤ ውኃም አታጠጡት፤ ወዲያው ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ይሂድ።

ልጄን ስሸኘው የነገርኩት የመጨረሻው ነገር ይህ ነው፤ ከሽጉጡ በፊት ሳጥኑን አሠራ። ብረት በያጅ ጋ ሂድና ወፍራም ላሜራ፣ ግድግዳው ላይ በብሎን የሚታሰር፣ ከቁመትህ በላይ የሚሰቀል፤ ለጥይቱ ሌላ ሳጥን፣ ሌላ ቁልፍ። ለሁለቱ ሳጥኖች ገንዘብ ካልበቃህ ለሽጉጡም አልበቃህም ማለት ነው። «ሌባ ሲመጣ ቁልፍ ስፈልግ ልገኝ ነው?» አለኝ። እንግዲህ የሌሊቱን ሌባ ምናልባት ትጠብቀዋለህ፤ ልጅህ ግን ቤትህ ውስጥ በየቀኑ አለች አልኩት። አልተስማማም፤ ጉልበቴን ስሞ ሄደ።

ሦስት ሳምንት ዝም አለ። እኔም አልደወልኩም፤ ይናፍቀኛል እንጂ አልደወልኩም። በአራተኛው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ስልኩ ጮኸ። ማመልከቻውን አስገብቷል፤ ገና መልስ አልሰጡትም። ለሚስቱ ነግሯታል፤ ሁለት ቀን አላናገረችውም፤ በኋላ ግን «ከገዛህ እኔም ልማር» አለችው። ሳጥኖቹ ተሠርተዋል፤ ባዶአቸውን ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል።

«ልጅቷ ግን ወንበር ላይ ቆማ ልትደርስበት ስትሞክር አገኘኋት» አለኝ። «ቁልፉን የት ላድርገው?»

«ከማተብህ ጋር እሰረው» አልኩት።